ወገልጤና ኦፓል ውስጥ የተገኘው የዛፍ ስር፣ ጭላዳና እኛ

ጥያቄውን የላከልኝ የደላንታ፣ ወሎ፣ ልጅ ነው፣ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ይቆፍራል። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ሰላም ዶክተር፣ እኔ ወገልጤና አካባቢ ኦፓል ቆፋሪ ነኝ። ባለፈው ከዋሻው ውስጥ ቁርጥ የዛፍ ስር የሚመስል ኦፓል አወጣን፣ ገዢው አይቶ ይሄ የ30 ሚሊዮን ዓመት ነው አለን። እንዴት ይታወቃል? ያኔ እዚ አገር ምን ነበር፣ ሰው ነበር ወይ? ገደሉ ላይ የሚውሉት ጭላዳዎችስ ነበሩ? ደሞ ሰው ከዝንጀሮ መጣ የሚባለው እውነት ከሆነ እነዚ ለምን ዝንጀሮ ሆነው ቀሩ? ከጓደኞቼ ጋ ስንከራከር ነው የሰነበትነው።»

አብሽር ወንድሜ፣ ክርክራችሁ ደስ የሚል ነው። ረዘም አድርጌ ነው የምመልስልህ፣ ምክንያቱም የጠየቅካቸው ነገሮች የተበታተኑ ይመስላሉ እንጂ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፣ የሚገናኙትም እዛው አንተ በያዝከው ድንጋይ ዕድሜ ላይ ነው። ዋናውን ነገር ቀድሜ ልንገርህ፦ ያ ስር አፈር ውስጥ እያለ ሰውም አልነበረም ጭላዳም አልነበረም፣ የሁለታችን የጋራ አያቶች ግን ነበሩ፣ ያኔ ዘራቸው ገና ያልተለያየ ወይ ገና መለያየት የጀመረ ነበር።

መጀመሪያ ስለ ድንጋዩ። ከደላንታ አናት እስከ በሽሎ ድረስ ቁልቁል የሚታየው ገደል እሳተ ገሞራ ደራርቦ የሠራው ነው፣ ጥቁሩ ባዛልት ነው፣ ቀልጦ ፈስሶ የቀዘቀዘ ድንጋይ ማለት ነው፣ ገርጣ ያለው ደሞ አብዛኛው ኢግኒምብራይት የሚባለው ነው፣ ትኩስ አመድ ወርዶ እርስ በርሱ ተጣብቆ ድንጋይ የሆነ ማለት ነው። የዚ ሁሉ ክምር ውፍረት ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ኦፓሉ ያለበት ንብርብር ግን አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ለዛም ነው እ.ኤ.አ. በ2008 ኦፓሉ ከተገኘ ጀምሮ ሰዉ ሁሉ አንድ ከፍታ ይዞ ወደ ገደሉ ሆድ የሚቆፍረው። ያ ስስ ንብርብር በዘመኑ አፈር ነበር። ዝናብ የሚዘንብበት፣ ተክል ስር የሰደደበት መሬት ማለት ነው፣ ከዛ ሌላ ፍንዳታ መጥቶ ሌላ ንብርብር ጫነበትና ተቀበረ።

ኦፓል ራሱ ሲሊካ (አብዛኛው አሸዋ የተሠራበት ነገር) እና ውሃ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። የእሳተ ገሞራ አመድ አብዛኛው እንደ መስታወት ያለ ነገር ነው፣ ዝናብ በላዩ ሲሰርግ ቀስ እያለ ሲሊካ ያሟሟና ይዞ ይወርዳል፣ ቀዳዳ ወይ ስንጥቅ ባገኘበት ቦታ ደሞ ያስቀምጠዋል። ስር ሲበሰብስ ምን ይተዋል? ቀዳዳ። አንዳንዴ ደሞ እንጨቱ ሳይበሰብስ ሲሊካው እያንዳንዷን ቀዳዳ ሞልቶ ቅርጹን እንዳለ ያስቀረዋል። የናንተ አገር ኦፓል ውሃ ውስጥ ሲነከር ጠጥቶ እንደሚጠራና ሲደርቅ ወደ ነበረበት እንደሚመለስ ከኔ በላይ አንተ ታውቃለህ፣ ይሄ የሚሆነው በዓይን በማይታይ ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ወገልጤና ኦፓል ውስጥ ጣት ጣት የመሰለ፣ ጎን ለጎን የቆመ፣ ጫፉ ድቡልቡል ያለ ቅርጽ በብዛት ይታያል፣ ያ ተክል አይደለም፣ ኦፓሉ ራሱ ሲፈጠርና ቆይቶ ሲለወጥ የያዘው ቅርጽ ነው። እውነተኛ ስር ቅርንጫፍ ይኖረዋል፣ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ይጣመማል፣ በማጉያ መነጽር ስታየውም ብዙ ጊዜ የእንጨት ጭረት ይታያል።

ዕድሜውስ እንዴት ይታወቃል ላልከው፣ እዛው አመዱ ውስጥ ፖታሲየም ያለባቸው ትንንሽ ክሪስታሎች አሉ። ከፖታሲየም ውስጥ በጣም ጥቂቱ ፖታሲየም 40 የሚባለው ዓይነት ነው፣ እሱ በራሱ ጊዜ ይፈርሳል፣ ከሚፈርሰውም ከፊሉ አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ፍጥነቱ በላብራቶሪ ተለክቶ ይታወቃል፣ ግማሹ ለመፍረስ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ድንጋዩ ቀልጦ እያለ አርጎኑ ይበናል፣ ሲቀዘቅዝ ግን ክሪስታሉ ውስጥ ታስሮ ይጠራቀማል፣ ስለዚ ስንት ፖታሲየም ስንት አርጎን አለ ብለህ ስትለካ ከቀዘቀዘ ስንት ጊዜ እንደሆነ ይወጣልሃል። እ.ኤ.አ. በ1997 በዚ ዘዴ የኢትዮጵያ ደጋ ባዛልት ሲለካ አብዛኛው ክምር የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ በ1 ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንደፈሰሰ ታየ። ገዢህ የነገረህ ቁጥር ልክ ነው።

ታዲያ 30 ሚሊዮን ሲባል ብዙ ይመስላል፣ በሕይወት ታሪክ ግን በጣም ቅርብ ነው፣ ይሄን ሳልነግርህ ብቀጥል ሌላው ነገር አይገባህም። ምድር 4.54 ቢሊዮን ዓመቷ ነው። አውስትራሊያ ፒልባራ የሚባል ቦታ 3.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ባክቴሪያ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ንጣፍ በንጣፍ ሆኖ የሠራቸው ድንጋዮች አሉ። ከዛ ጀምሮ ወደ 2.9 ቢሊዮን ለሚጠጋ ዓመት እንስሳ የሚባል ነገር በድንጋይ ውስጥ አይታይም፣ ከሕይወት ታሪክ አብዛኛው ክፍል የጥቃቅን ነፍሳት ታሪክ ነው። ግን ሥራ ፈተው አልተቀመጡም! የፀሐይ ብርሃን ተጠቅመው ምግባቸውን የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን እየተፉ የዛሬ 2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ የምድርን አየር ቀየሩት፣ አንተ ዋሻ ውስጥ ሲያጥርህ የሚያስጨንቅህ አየር የነሱ ሥራ ነው። ቆይቶ ደሞ አንዱ ሴል ሌላውን ባክቴሪያ ወደ ውስጡ አስገብቶ ሳይፈጨው አብረው መኖር ጀመሩ፣ ዛሬ በአብዛኛው የሰውነታችን ሴል ውስጥ ኃይል የሚሠራው ሚቶኮንድሪያ የዛ ባክቴሪያ ዘር ነው፣ የራሱ ዲኤንኤ እስካሁን አለው። ሊን ማርጉሊስ የምትባል አሜሪካዊት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1967 ይሄን ስትጽፍ ብዙ ሰው አልተቀበላትም ነበር፣ ዛሬ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

እንስሳት በዓይን በሚታይ መጠን የመጡት የዛሬ 575 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ነው፣ ተክል ወደ የብስ የወጣው 470 ሚሊዮን ገደማ፣ ከዓሣ ወገን እግር የሚመስል ክንፍ ያበቀሉት 375 ሚሊዮን። በዛ መካከልና ከዛ ወዲህ ያለውን እዘለዋለሁ፣ አንድ ነገር ግን ላንተ ለባዛልት አገር ሰው መነገር አለበት። የዛሬ 252 ሚሊዮን ዓመት ሳይቤሪያ ውስጥ እንደ ወሎ ገደል ዓይነት ባዛልት፣ በስፋቱ ግን እጅግ የሚበልጥ፣ መሬቱን አለበሰው። መጥፎው ነገር የቀለጠው ድንጋይ ሲወጣ በከሰል፣ በዘይትና በጨው ንብርብር ውስጥ አልፎ ነው የወጣው፣ እነሱን አቃጥሎ ስፍር ቁጥር የሌለው ጋዝ ወደ አየር ለቀቀ፣ ባሕሩ ሞቀ፣ ኦክስጅን አጣ፣ ከባሕር ውስጥ ዝርያ ብዙ ሰው 90 በመቶ አካባቢ ጠፋ ብሎ ይገምታል። የኛው ባዛልት ያን የመሰለ እልቂት አላስከተለም። ደጀን ላይ ወደ አባይ ቁልቁል ስትወርድ ከባዛልቱ ሥር የምታየው የኖራ ድንጋይ ደሞ በዳይኖሰር ዘመን ባሕር ሥር የተኛ ጭቃ ነው፣ የባሕር ዛጎል በውስጡ ይገኛል። ዳይኖሰሮቹ፣ ወፍ ሆነው ከቀሩት በስተቀር፣ የዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት ሜክሲኮ ላይ አስትሮይድ ሲወድቅ አለቁ፣ ጡት አጥቢ የሚባለው ወገን የተንሰራፋው ከዛ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ስርህ ዘመን እንምጣ። ያኔ አፍሪካና ዓረቢያ አንድ የብስ ነበሩ፣ ቀይ ባሕር የለም፣ የአፋር ቆላ የለም፣ ከባቲ አናት ቆመህ ቁልቁል የምታየው ነገር በሙሉ አልነበረም። ይሄ የብስ ከእስያና ከአውሮፓ በባሕር የተለየ ስለነበር በሬ የለም፣ ፈረስ የለም፣ አንበሳ የለም፣ ጅብ የለም፣ ሚዳቋ የለም፣ የነዚ ሁሉ ወገን የገባው ከእስያ ጋ የሚያገናኘው የየብስ በር ከተከፈተ በኋላ ነው። ታዲያ ማን ነበር? ከጎንደር ወዲያ ጭልጋ ላይ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ድንጋይ ውስጥ የጥንት ዝሆኖች አጥንት ተገኝቷል፣ አርሲኖይቴሪየም የሚባል አፍንጫው ላይ ሁለት ትልልቅ ቀንድ ጎን ለጎን ያለው፣ ዛሬ ዘሩ የጠፋ ግዙፍ አውሬም አለ፣ የዘንባባና የሌላ ጫካ ቅሪት አለ፣ የሽኮኮ ወገኖችም አሉ።

ሽኮኮ ስል አትለፈው፣ እኔ በጣም የምወደው ነገር ነው። ያ ገደል ላይ ፀሐይ የሚሞቀው ጥንቸል የሚያክል ፍጥረት የቅርብ ዘመዱ አይጥ ወይ ጥንቸል አይደለም፣ ዝሆን ነው። ዲኤንኤው ይሄን ያሳያል፣ ሰውነቱም ይመሰክራል፣ ጥፍሩን ብታየው ብዙው ጠፍጣፋ እንደ ሰኮና ያለ ነው፣ የላይኛው የፊት ጥርሱ እያደገ እንደ ትንሽ ጥርስ ቀንድ ይወጣል፣ የወንዱ ፍሬ እንደ ዝሆን ሆድ ውስጥ ነው ያለው፣ በዛ ትንሽነቱ ደሞ እርግዝናው 7 ወር ያልፋል። በስርህ ዘመን አካባቢ የሽኮኮ ወገን አፍሪካን ሞልቶት ነበር፣ ግብፅ ፋዩም ላይ ከተገኙት ውስጥ ትልልቅ ከብት የሚያክሉ አሉ። ከውጭ እነ በሬና ሚዳቋ ሲገቡ አብዛኛው ጠፋ፣ በድንጋይና በገደል ላይ መኖር የቻለው ትንሹ ተረፈ።

ወደ ክርክራችሁ። «ሰው ከዝንጀሮ መጣ» የሚለው አባባል ራሱ ነው ሰውን የሚያጣላው፣ ሳይንሱም እንደዛ አይልም። ወሎ ውስጥ ልጅ ሲዳር ሰባት ቤት ይቆጠራል አይደል? አንተና የአጎትህ ልጅ ወደ ላይ ስትቆጥሩ አንድ አያት ላይ ትገናኛላችሁ፣ አንተ ግን ከአጎትህ ልጅ አልተወለድክም፣ እሱም «አንተ ተወልደህ እያለ እኔ ለምን ኖርኩ» አይልም። ጭላዳና እኛም እንዲሁ ነን፣ ቆጠራው ግን ሰባት ቤት ሳይሆን ሚሊዮን ቤት ነው። ሳውዲ ሒጃዝ ውስጥ 28 እስከ 29 ሚሊዮን ዓመት የሆነው ሳዳኒየስ የሚባል ፍጥረት የራስ ቅል ተገኝቷል (ያኔ ከኛ ጋ አንድ የብስ ነበር ብዬሃለሁ)፣ ጭላዳም ሆነ የሰው ወገን የሚለይበት ምልክት ገና የለውም። ታንዛንያ ሩክዋ ላይ ደሞ 25 ሚሊዮን ዓመት የሆነው ድንጋይ ውስጥ አንድ ጭራ አልባው የእነ ጎሪላና የኛ ወገን፣ አንድ ደሞ የዝንጀሮና የጦጣ ወገን ተገኙ። ስለዚ መለያየቱ በሁለቱ መካከል ነው፣ ያ ማለት ደሞ እናንተ የምትቆፍሩት ንብርብር ከተቀበረበት ዘመን ብዙም አይርቅም። የዲኤንኤ ስሌቱም እዛው ሰፈር ይወድቃል።

ዘመድ ለመሆናችን አንድ ማስረጃ ብቻ ልምረጥ። ፍየል፣ ውሻ፣ አይጥ ቫይታሚን ሲ በራሳቸው ጉበት ይሠራሉ፣ ሎሚ ባይበሉም አይታመሙም። እኛ አንሠራም፣ ጭላዳም አይሠራም። የሚያሠራው ጂን ግን ከኛ ውስጥ አልጠፋም፣ ተበላሽቶ እዛው ዲኤንኤአችን ውስጥ ተቀምጧል፣ በዝንጀሮዎችም ውስጥ እዛው ቦታ ላይ ተበላሽቶ ይገኛል፣ ከብልሽቶቹም የምንጋራቸው አሉ። አንድ ጽሑፍ ሁለት ሰው ገልብጦ ሁለቱም ጋ አንድ ዓይነት የፊደል ግድፈት ካገኘህ ከአንድ ምንጭ ነው የተቀዳው ትላለህ፣ በዲኤንኤም የምናነበው ይሄንኑ ነው።

«ለምን ዝንጀሮ ሆነው ቀሩ» ላልከው፣ አልቀሩም እኮ! እነሱም የኛን ያህል ዘመን ሲለወጡ ነው የኖሩት፣ የሄዱበት መንገድ ነው የተለየው። ነገ ቁጭ ብለህ አንድ ጭላዳ ሲበላ እጁን እይልኝ። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ጫፍ ለጫፍ በደንብ ይገናኛሉ፣ በዚ ከሰው ቀጥሎ ከሚጠቀሱት አንዱ እሱ ነው፣ ያ ነው ሣሩን አንድ በአንድ በፍጥነት ለመንጨት የሚያስችለው፣ ቁጭ እንዳለ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ይበላል። ቁጭ ብሎ ስለሚውል ሌሎች ዝንጀሮዎች በኋላቸው የሚያሳዩትን ምልክት እሱ ደረቱ ላይ በቀይ ቆዳ ያሳያል ብለው ብዙዎች ያስረዳሉ። ጥርሱን ብታየው ደሞ ረጃጅምና ሽንሽን ያለ ነው፣ ምክንያቱም ሣር ጥርስ ይበላል፣ ከአቧራው በተጨማሪ ሣር ራሱ በቅጠሉ ውስጥ ሲሊካ አለው፣ ያ ሲሊካ ምን መሰለህ? ኦፓል ነው። በእርግጥ በዓይን የማይታይ፣ ቀለም የማይጫወት፣ ግን ከምትቆፍረው ጋ አንድ ነገር ነው።

እንዴት እንዲህ ሆነ? በማንኛውም መንጋ ውስጥ ልጆች እርስ በርስ አይመሳሰሉም፣ አንዱ ጥርሱ ትንሽ ይረዝማል፣ አንዱ ጣቱ ትንሽ ይቀላጠፋል። በጋ ሲከፋ ሣር የተሻለ መብላት የቻለችው እናት ወተቷ አይነጥፍም፣ ልጇ ይተርፋል፣ ልጇም የሷን ጥርስ ይወርሳል። በአንድ ትውልድ ምንም አይታይህም። ሣር ምድር አፍሪካ ላይ እየሰፋ በሄደበት ረጅም ዘመን ግን ይሄ ሲደጋገም ጭላዳ የሚባል ፍጥረት ይወጣል። ማንም አላሰበበትም፣ ማንም «ሰው ልሁን» ብሎ መሰላል አልወጣም። የጭላዳ ወገን አንድ ዘመን ከደቡብ አፍሪካ እስከ አልጄሪያ፣ ስፔንና ሕንድ ድረስ ይኖር ነበር፣ ከአሁኑ በብዙ እጥፍ የሚከብዱም ነበሩ። ሁሉም ጠፍተው በዓለም ላይ የቀሩት የኛ ደጋ ላይ ያሉት ብቻ ናቸው። ወሎዬ ሆኖ ይሄን የማያውቅ ሰው ሲገጥመኝ በጣም ይቆጨኛል፣ ገብስ ሲበሉ ድንጋይ የምንወረውርባቸው እንስሳት ናቸው (ገበሬው ሰብሉን ማዳን እንዳለበት አውቃለሁ፣ ሳያጠፋቸው ማለቴ ነው)።

የሰውን ወገን ደሞ ከናንተ ገደል ወርደህ በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ ስትዘልቅ አፋር ላይ ታገኘዋለህ። መሬቱ ተሰንጥቆ ቆላው ሲወርድ ሐይቅና ወንዝ ደለል አጠራቀመበት፣ ደለሉ አጥንት ያዘ፣ እሳተ ገሞራው በየመካከሉ አመድ እየነዛ ዕድሜ ሰጠው። አርዲ የምትባለው የጥንት የሰው ወገን አጽም 4.4 ሚሊዮን ዓመት ነው፣ ሚሌ አካባቢ በዮሐንስ ኃይለሥላሴ ቡድን የተገኘው የራስ ቅል 3.8 ሚሊዮን፣ በዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ዲኪካ ላይ የተገኘችው ሕፃን ሰላም 3.3፣ ድንቅነሽ 3.2፣ ሌዲ ገራሩ ላይ የተገኘው የኛ የሆሞ ወገን መንጋጋ ደሞ 2.8 ሚሊዮን። የሚገርምህ ሐዳር ላይ የጭላዳ ወገን አጥንትም ይወጣል፣ ድንቅነሽ ዓይታቸዋለች ማለት ነው፣ ያኔም ሣር እየነጩ ነበር። ዛሬም ቢሆን ለውጡ አልቆመም፣ የኢትዮጵያ ደገኞች ደም በ3,500 ሜትር ከፍታ ላይ እንደ አንዲስ ተራራ ሰዎች ሳይወፍር እንደሚኖር እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት አሳይቷል፣ ሦስቱም የዓለም ደጋዎች፣ የኛው፣ ቲቤትና አንዲስ፣ ለቀጭኑ አየር የየራሳቸውን መላ ነው ያመጡት።

ጓደኛህ «ይሄ ፈጣሪን መካድ ነው» ካለ አትጣላው። እኔ የምነግርህ ድንጋዩና ዲኤንኤው የሚያሳየውን፣ እንዴትና መቼ የሚለውን ነው። ለምን ተፈጠርን የሚለውን ለሼሁና ለቄሱ ጠይቁ፣ ወሎ ውስጥ ሁለቱም ቤት ሩቅ አይደለም።

የቀረው ልመና ነው። እንደዚ ዓይነት ስር፣ ቅጠል፣ በተለይ አጥንት ወይ ጥርስ የሚመስል ነገር ስታገኙ ኦፓሉን ለማጥራት ብላችሁ አትፍለጡት። ፎሲል፣ ማለትም በድንጋይ ውስጥ የቀረ የጥንት ሕይወት ቅሪት፣ የአገር ቅርስ ነው፣ ደሞ አንዴ ከተሸጠ ከየት ንብርብር እንደወጣ የሚናገርለት ስለሌለ ለጥናት ያለው ዋጋ አብሮ ይሄዳል። ከያዘው ድንጋይ ጋ እንዳለ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፣ የትኛው ዋሻ፣ ከአፉ ስንት ሜትር ገብቶ፣ ከኦፓሉ ንብርብር በላይ ወይ በታች እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ወይ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ አሳውቁ። ዋሻው ሲሰነጠቅ ወይ ውሃ ሲያንጠባጥብ ካያችሁ ግን ፎሲሉን ትታችሁ ውጡ፣ ለስር ተብሎ ሰው አይሞትም። ያንተን ፎቶ ደብዘዝ ስላለ ድጋሚ አንሳልኝ፣ በቀን ብርሃን፣ አንድ ብር ሳንቲም አጠገቡ አድርገህ፣ አንዴ ከጎን አንዴ ከተቆረጠበት በኩል። በተቆረጠው በኩል ክብ ቀለበት ወይ የቅርፊት ጠርዝ ካየሁ እንጨት መሆኑን እነግርሃለሁ።